መዝጊያው የት አለ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ የሰጡኝ ስጦታ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሌላው ሰው ጋቢ ይሸለማል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል፤ እኔን የሸለሙኝ የራሴኑ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ካሉት ማለቴ ነው እንጂ፣ ለጤና ኮሌጅ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መለማመጃ እንዲሆን ያዘጋጀሁት ቀጭን ጥራዝ ነው። የመጀመሪያውን እትም ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አፈላልገው በቀይ ቆዳ አስጠርዘው፣ ስሜን በወርቅማ ቀለም አስጽፈው ሰጡኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። አመስግኜ ተቀመጥሁና ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገለጥሁ። የፈራሁት ዐረፍተ ነገር እዚያው ነበር።

ያንን ዐረፍተ ነገር ከኋለኞቹ እትሞች ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ለምን እንዳወጣሁት ግን ለተማሪዎቼም ለአለቆቼም አልተናገርሁም። ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጽፍ ያስተማራቸውን ዶክተሮችና ባለሥልጣኖች ይቆጥራል፤ እኔም ልቆጥር እችል ነበር። ጀምሬም ነበር። ያ ዐረፍተ ነገር እየመጣ ፊቴ ሲቆም ተውሁት።

ሥራ የጀመርሁት መራዊ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ። ደመወዙ ያው የመምህር ደመወዝ ነው፣ እሱን እንለፈው። በገበያ ቀን ከዋናው መንገድ የሚመጣው የአውቶብስ ጡሩምባ ድምፄን ይውጠዋል፤ እኔም በጡሩምባና በጡሩምባ መካከል አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደርበው ነበሩ። ረዥም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሳቅ የማያባክኑ ሰው። የኮታቸው የቀኝ ኪስ ዘወትር በጠመኔ ዱቄት ነጭ ነው፤ የሰሌዳ ማጥፊያ ዳስተር ይዘውበት ይዞራሉ። ዳስተር በኪሱ ይዞ የሚሄድ መምህር ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።

ያን ጊዜ እኛ ሌሎቻችን ጽሑፍ እናስተምራለን ስንል «ስለ ክረምት ጻፉ» ብለን እንቀመጣለን፣ ተማሪው ጣራ ጣራውን ያያል። ጋሽ ደርበው ግን ጽሑፍ ሁሉ ዓይነት አለው ባይ ናቸው። ማመልከቻ ሌላ፣ ሪፖርት ሌላ፣ አቤቱታ ሌላ፤ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፣ በሥራውም ልክ የየራሱ አካሄድ። መጀመሪያ አንድ ጥሩ ናሙና ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ በባለ ቀለም ጠመኔ ይበልቱታል፤ ይህ ማንነቱን የተናገረበት፣ ይህ የሆነውን ያስረዳበት፣ ይህ የሚፈልገውን የጠየቀበት እያሉ። ቀጥሎ ሌላ አንድ ጽሑፍ ከክፍሉ ጋር ይጽፋሉ፤ ተማሪው እያወጣ እሳቸው እየከተቡ። በየመስመሩ ቆም ይሉና «ማን ነው የሚያነበው? ቆሞ ነው ተቀምጦ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቆሞ የሚያነብ ሰው ላይኛውንና ታችኛውን ብቻ ነው የሚያይ ይሉ ነበር። በመጨረሻ ተማሪው ብቻውን ሊጽፍ ወረቀት ሲያወጣ፣ ዳስተራቸውን ከኪሳቸው መዝዘው ሰሌዳውን ሙልጭ አድርገው ያጠፉታል። ክፍሉ ያጉረመርማል፤ እሳቸው ወደ መስኮት ሄደው ይቆማሉ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ደካሞቹኮ የሚይዙት ነገር ያጣሉ። ምናለ ቢተዉላቸው?» አልኋቸው።

«ናሙና ሰሌዳ ላይ አይደር» አሉኝ። «ካደረ ይሸመደዳል። ከተሸመደደ ወዲያ ማንም አያስብበትም።»

«ይሸምድዱት እንጂ። ባዶ ወረቀት ከሚሰጡን አይሻልም?»

«ባዶ ወረቀት ማንንም አያሳስትም፣ የሺ።»

የሰውየው ግትርነት ነው ብዬ አለፍሁት። ወደ ባሕር ዳር ስዛወር ለመሸኛ አንድ አዲስ ዳስተር በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስቄ ተቀበልኋቸው፤ ባሕር ዳር ስደርስ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ባሕር ዳር የተመደብሁት አንድ የጤና ኮሌጅ ነው። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራየሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ተማሪዎቼ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን ሆነው ወደየገጠሩ የሚበተኑ ናቸው። የእኛ ነገር መቼም ይገርማል፤ ታማሚው በአማርኛ ያቃስታል፣ ሐኪሙ በአማርኛ ይጠይቀዋል፣ የሚጻፍለት ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ሰው የሪፈር ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ መናገር ካቃተው ስለ እሱ የሚናገርለት ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አብልጬ የሪፈር ወረቀት አጻጻፍ አስተምር ነበር።

የጋሽ ደርበውን መንገድ ያዝሁ፣ ማጥፋቱን ግን ተውሁ። እንዲያውም ናሙናዎቼን በጥራዝ አሳተምሁ፤ ለየጽሑፉ ዓይነት አንድ ናሙና፣ በኅዳጉ ላይ የየክፍሉ ስም። ለሪፈር ወረቀት የጻፍሁት ናሙና ክንዷ ስለተሰበረ አንዲት ሴት ነበር። በኅዳጉ መክፈቻ፣ የሕመሙ ታሪክ፣ የታየው ምልክት፣ የተሰጠው እርዳታ፣ የተላከችበት ምክንያት እያልሁ ወረድሁ። ጨርሼ ሳነበው ድንገት የተቋረጠ መሰለኝ። ሰላምታ ሳይሰጥ ብድግ ብሎ እንደሚወጣ እንግዳ ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ፤ «ሕመምተኛዋ በአሁኑ ሰዓት በደህና ሁኔታ ላይ ትገኛለች» የሚል። ክንዷ ለተሰበረ ሴት ውሸት አይደለም። በኅዳጉ «መዝጊያ» ብዬ ጻፍሁበት።

ጥራዙ ተወደደ። የተማሪው ውጤት ተሻሻለ፣ ከሌሎች ኮሌጆች እየመጡ ቅጂ ይወስዱ ጀመር። ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጡት ተማሪዎች «ድርሳነ የሺ» ብለው ስም አወጡለት፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ «ዛሬ ድርሳኑን ደገምህ?» ይባባላሉ። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ፣ ልቤ ግን ሞቅ ይለው ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ኅሩይ ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነው። አባቱ በሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ናቸው። መዝሙረ ዳዊትን ጨርሶ፣ ዜማ ቤት ዓመታት ቆይቶ ነው ወደ አስኳላ የመጣው። በዜማ ቤት አንዲት ምልክት መጣል ነውር ነው፤ የየኔታን ዜማ እንደተቀበሉት መመለስ ነው። የእኔንም ጥራዝ እንደዚያው ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዘው። ክፍል ውስጥ «ገጽ ሠላሳ አንድ» ስል ጥራዙን ሳይከፍት አይኑን ጨፍኖ ያነበንበው ነበር፤ ክፍሉ ይስቅ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር።

በአንድ ፈተና ላይ ትኩሳቱ ስላልወረደለት፣ ራሱን ስለሳተ ሕፃን የሪፈር ወረቀት ጻፉ አልኋቸው። ኅሩይ ሁሉንም በሥርዓቱ ጽፎ መዝጊያውን ትቶታል። በቀይ እስክሪብቶ «መዝጊያው የት አለ?» ብዬ ሁለት ነጥብ ቀነስሁ። ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ።

«ቲቸር፣ ልጁ ደህና ስላልሆነ ነው የተውሁት» አለኝ። «ራሱን ስቷል ብለው የለ?»

«ስለ ልጁ አልጠየቅሁህም፤ ስለ ቅርጹ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ በሁሉም ላይ ይገባል ማለት ነው?»

«ቅርጽ ነው አልሁህኮ፣ ኅሩይ።»

ያን ቀን የማርመው ወረቀት ተከምሮ ነበር። ልጁ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ መጣ፣ እኔ ከክምሩ ቀና አላልሁም። «እሺ፣ አይለምደኝም» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ መዝጊያ ጥሎ አያውቅም።

ተመርቆ ከሐይቁ ማዶ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደበ። ለጥቂት ዓመታት ወሬውንም አልሰማሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ኅሩይ ነው። ከስቷል። ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«አንዲት ወላድ ነበረች» አለ፣ ሻዩን ሳይነካ። «አስካለ ይሏታል። ልጁ በሰላም ወጣ፤ እሷን ደሙ አላቆም አላት። ያለንን ሁሉ ሰጠናት። ጀልባ ተገኘ፤ ባለ ጀልባው ሞተሩን አስነሥቶ ይጮኽብኛል፣ ወረቀቱን የጻፍሁት ቆሜ ነው። አላሰብሁትም ቲቸር፤ እጄ ነው የጻፈው።»

«ከዚያስ?»

«ሆስፒታል ደረሰች። ሰዉ ብዙ ነበር አሉ። የተቀበለው ሰው ወረቀቱን ታችኛውን አይቶ፣ ትቆይ አለ። በጋቢ ተጠቅልላ ደሙ አይታይም። አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ተራዋ ሲደርስ አልፋለች።»

ታችኛው ምን እንደሚል መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከቦርሳው ጥራዙን አወጣ፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ገጹ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ አዞረው።

«ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ» አለ። «እያወቀ ውሸት ጻፈ ብለውኛል። ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው። እኔ ብነግራቸው ማን ያምነኛል? እርስዎ ይምጡና ይንገሩልኝ። ቅርጽ እንደሆነ፣ በሁሉም ላይ እንደሚገባ፣ ያስተማሩኝን ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

እየከሰሰኝ አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ያስተማርሁት እኔ ስለሆንሁ እውነቱን የምናገርለት መሰለው። «እመጣለሁ» አልሁት። ስለውም ከልቤ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለዲኑ ነገርኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥራዙን አገላብጠው ጀርባውን አሳዩኝ፤ የኮሌጁ ማኅተም አለበት። «የሺ፣ አትሂጂ አልልሽም» አሉ። «ግን አንቺ ከሄድሽ እኛም ሁላችን አብረንሽ መሄዳችን ነው። ይኸ ጥራዝ ስንት ጤና ጣቢያ እንዳለ ታውቂያለሽ? ስለ ጠባዩ ደብዳቤ ጻፊለት። ደብዳቤ መጻፍ መቼም አንቺን የሚያህል የለም።»

ጻፍሁ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው ሁሉ ያ ደብዳቤ ይበልጣል። የምስክርነት ደብዳቤ አካሄዱን ጠብቆ፣ ማን እንደሆንሁ፣ ተማሪውን ከመቼ ጀምሮ እንደማውቀው፣ ትጋቱን፣ ጥንቃቄውን፣ የተማረውን አንዲት ቃል እንኳ እንደማይጥል መሰከርሁ። ስለ ገጽ ሠላሳ አንድ አንድም ነገር የለበትም። መዝጊያውም ያምር ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቤቴ ተቀምጬ ዋልሁ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ኅሩይ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደረጃ ደረጃውን ሲያይ ነበር። ደብዳቤዬ ተነበበ። አንደኛው የኮሚቴ አባል «እንዲህ ጠንቃቃ ከሆነማ ሳያውቅ ሊጽፍ አይችልም፤ የሚጽፈውን እያወቀ ነው» አሉ። በእኔ ምስጋና ፈረዱበት። ፈቃዱን ነጠቁት። ስለ ጥራዙ ተናግሮ እንደሆነ ብጠይቅ፣ አልተናገረም አሉኝ። እኔ ካልመጣሁ እሱ ሊያወጣው አልፈለገም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥራዙ ሲታተም ዐረፍተ ነገሩን አወጣሁት። ቀድሞ የተሰራጨውን ግን ማን ይሰብስበው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልሁ ለተማሪ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ለየጤና ጣቢያው አንድ ማስታወቂያ መጻፍ በቂ ነበር። ማስታወቂያ አጻጻፍም ጥራዙ ውስጥ አለ፤ ገጽ አርባ። አልጻፍሁም።

ጋሽ ደርበው ጡረታ ወጥተው ለጉልበታቸው ሕመም ወንዛዬ ፍል ውሃ ይመላለሱ ነበር። አንድ እሑድ ሄድሁ። ታጥበው ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ቀጥኗል፣ ኮታቸው ያው ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ዳስተሩ የት አለ?» አሉኝ።

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ለሟቿ ባል ነግረሻል?»

«አልነገርሁም።»

«ለእኔ መናገርሽ ምን ይረባኛል? እኔ ሚስት አልሞተችብኝ።» ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ለሰውየው ሳትነግሪ ተመልሰሽ አትምጪብኝ።»

ሳልነግር ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር። ያ ቀይ ቆዳ የለበሰ ስጦታ እስኪሰጠኝ ድረስም የምሄድበትን ቀን ሳራዝም ኖርሁ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ማታ ግን ከእንግዲህ የማመካኝበት ሥራ እንደሌለኝ ገባኝ።

ኅሩይ ፈቃዱን ከተነጠቀ በኋላ ደሴት ገዳም ገብቷል። ሴት የማይገባበት ገዳም ስለሆነ ጀልባው ላይ ሆኜ ላክሁበት። ነጭ ኩታ ለብሶ፣ ጢሙ ረዝሞ ወደ ውሃው ዳር ወረደ። «ቲቸር፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ይቅር በለኝ አልሁት። ውሃውን አየ።

«ያን ዕለት ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁዎ» አለ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ነገር አልተናገረም። ባልየው ዘንድ ልሄድ ነው ስለው አብሮኝ ተሳፈረ። በመንገድ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ለብቻው ሄዶ እንደነበር ነገረኝ። «በድያችኋለሁ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ የእግዜር ነው ብለው አነሡኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን ከአፌ አልወጣም» አለ።

የአስካለ ባል አቶ ሙጨ ጌሾ የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ስንገባ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት የተሰጣ ጌሾ ታገላብጣለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችን፣ ውሃም አመጣችልን። ትልቋ ልጃቸው ናት፤ ያኔ እናቷ ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያ ወሊድ የተወለደው ወንድሟ ትምህርት ቤት ሄዷል አሉ።

እንዴት ጀምሬ እንደነገርኋቸው በደንብ አላስታውስም። የኅሩይ መምህርት እንደነበርሁ፣ የመጣሁትም በአስካለ ወረቀት ነገር እንደሆነ ተናገርሁ። አቶ ሙጨ ተነሥተው ከጣራው ማገር ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ የመሬት ደብተራቸው አለ፤ በደብተሩ መካከል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ሆስፒታሉ ከሬሳው ጋር የመለሰላቸው ነው። «ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ይኸው ብቻ ነው» አሉ። «ካወቁትስ እሜቴ፣ ያንብቡልኝ።»

የኅሩይን እጅ ጽሑፍ ወዲያው ለየሁት። እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው፤ ዕድሜዋን፣ ምጡን፣ ደሙን፣ የተሰጣትን መድኃኒት። ሁሉም ትክክል ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምሁ። ኅሩይ አንገቱን ደፍቷል።

«ምነው፣ አለቀ?» አሉ አቶ ሙጨ።

«አንድ ቀርቷል። በደህና ሁኔታ ላይ ትገኛለች ይላል።»

ወደ ኅሩይ ዞር ብለው አዩ።

«አልነበረችም» አልሁ። «ይኸን የጻፈው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለሁሉም ሰው ይጻፋል ብዬ አስተማርሁት። አልጽፍም ሲለኝ ቀጣሁት። ያነበበው ሰው ይኸን አይቶ ነው ያስቆያት። ኮሚቴ ፊት ቀርቤ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።»

እንዲቆጡ እየጠበቅሁ ነበር። ብድግ ብለው ቢያባርሩኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው፣ የማያነቡትን ታችኛውን መስመር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ትልቋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ፣ እስቲ አንብቢልኝ ብዬ ሰጠኋት» አሉ ቀስ ብለው። «ስታየው ቆየችና ‹አባዬ፣ እናቴ ደህና ናት ይላል› አለችኝ። ተቆጣሁ። እናትሽ ይኸን ወረቀት ይዛ ሞታ ደህና ናት ትይኛለሽ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ አልኋት። አለቀሰች፤ እንዲያ ነው የሚል ብላ ማለች። አላመንኋትም። እንግሊዝኛ ካልገባት በከንቱ ምን ታደርጋለች ብዬ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። በዚያው ዓመት ዳርኋት።»

ከውጭ ጌሾው ሲገላበጥ ይሰማል። ሕፃኑ አንዴ አለቀሰና ተባበለ።

«እንግዲያ ልጄ ታውቅ ኖሯል» አሉ።

ወረቀቱን በታጠፈበት አጥፈው መልሰው ሰጡኝ።

«እኔ ፊት የለኝም» አሉ። «እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ያን ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሰማሁት። ኅሩይ ቀና ብሎ አየኝ። ወረቀቱን ይዤ ተነሣሁና ወደ ልጅቱ ወጣሁ።